ለሰሜን ሸዋ ፋንታሲ ልቦለድ ኤልፎችን እንዴት ላድርጋቸው?

የጓሳ ጤዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንኮበርና በወፍ ዋሻ ጫካ መካከል የሚካሄድ ፋንታሲ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ነው። ጫካው ውስጥ ከሰው የተለየ ሕዝብ ይኖራል፤ በረቂቁ ላይ ኤልፍ (በአውሮፓ ተረት የሚነገር ሰው መሰል ፍጥረት) አድርጌያቸዋለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮ ሹል፣ ቀስተኛ፣ ሺህ ዓመት የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው 5,000 የሚደርስ። ረቂቁን ያየ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ጫካው የኛ ነው፣ ጽዱም ኮሶውም ጭላዳውም አለ፣ ሰዎቹ ግን ከፊልም ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ።

ኤልፍን ጨርሼ መጣል አልፈልግም። ከሰው ብዙ እጥፍ የሚኖር ጎረቤት ለታሪኩ የግድ ያስፈልገኛል። ስለዚህ የምታውቁ እርዱኝ። ጆሮውን፣ ቀስቱን፣ ረጅሙን ዕድሜ ማን ነው የጨመረው? የትኛው ጥንታዊ ነው፣ የትኛውስ ትናንት የመጣ? ረጅም ዕድሜውንስ ታሪኩ ሳይፈርስ እንዴት ነው የማስኬደው? ከኛ አገር ተረትና እምነት ጋር የሚገናኝ ነገር ካለም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ብራናና ቀለም፦

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ኤልፍ ሲባል የሚታየንን ምስል አንድ ሰው በአንድ ቀን አልፈጠረውም። ከሁሉ የቆየው የሰሜን አውሮፓው ነው። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ1220 አካባቢ ባዘጋጀው ኤዳ የሚባል የተረትና የቅኔ መጽሐፍ ላይ ሁለት ወገን ይጠቅሳል፤ አልፍሄይም በሚባል የሰማይ ስፍራ የሚኖሩ፣ ከፀሐይ ይልቅ ያማሩ የብርሃን ኤልፎች፣ እና ከምድር በታች የሚኖሩ፣ ከቅጥራን የጠቆሩ የጨለማ ኤልፎች። ስኖሪ ክርስቲያን ነበር፤ የጻፈውም አገሩ ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ክፍፍሉን ከመላእክትና ከአጋንንት ትምህርት ነው የቀዳው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ለኔም አሳማኝ ነው። ምክንያቱም ከሱ በፊት የነበሩት ግጥሞች ኤልፎችን ከአማልክት ጋር አጣምረው ይጠሯቸዋል እንጂ በደግና በክፉ አይከፍሏቸውም።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ሲግቫት የሚባለው የቤተ መንግሥት ባለቅኔ በ1020 አካባቢ በስዊድን ሲጓዝ ማደሪያ ይጠይቃል። የቤቱ እመቤት "የኤልፎች መሥዋዕት ላይ ነን" ብላ ከደጅ ትመልሰዋለች። ይህንን ራሱ በግጥሙ ትቶልናል። ሥርዓቱ በየቤቱ፣ በቤተሰብ ብቻ፣ እንግዳ ሳይገባ የሚፈጸም ነበር ማለት ነው። ለልቦለድ ጸሐፊ ይህች ነገር ከሹል ጆሮ በብዙ ትበልጣለች፤ ኤልፎቹን ሳታሳዪ በሰዎቹ ጠባይ ብቻ መኖራቸውን ትነግርልሻለች።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሁለት ፊት ነበራቸው። ቤዎውልፍ የሚባለው ግጥም ከቃየል ዘር ከወጡት ፍጥረታት መካከል ይቆጥራቸዋል። በዚያው ዘመን ግን ወላጆች ልጆቻቸውን በኤልፍ ስም ይሰይሙ ነበር፤ ንጉሥ አልፍሬድ (849–899) አንዱ ነው። ሐኪሞችም ይፈሯቸው ነበር። በ1000 አካባቢ በተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ላይ ለድንገተኛ ውጋት የተዘጋጀ ድግምት አለ፤ ሕመሙን ያመጣው የኤልፍ ውርወራ ሊሆን ይችላል ይላል። መድኃኒቱ ቀይ ሳማ፣ ከጎርተብ የሚዛመድ ቅጠልና አንድ መራራ የአበባ ተክል በቅቤ አፍልቶ፣ ቢላዋ ነክሮበት ነው። የኛ የክታብ ጥቅሎችም በውግዓትና በቁርጥማት ላይ የተደረሰ ጸሎት ስላላቸው ይህ ለሸዋ አንባቢ ሩቅ አይሆንበትም። ልብ በይ፣ እዚህ ዘመን ላይ የኤልፍ መሣሪያ የማይታይ ነው፤ የቆዳ ቁስል የለውም፣ ጎን ውስጥ ብቻ ይገኛል።

ከዚያ በ1590ዎቹ ሼክስፒርና የዘመኑ ገጣሚዎች አሳነሷቸው። በኦክ ዛፍ ፍሬ ቆብ ውስጥ የሚሸሸጉ፣ አበባ ላይ የሚተኙ ትንንሾች ሆኑ። ይህ መልክ ሦስት መቶ ዓመት ቆየ። የገና አባት ራሱ በ1823 በታተመ የአሜሪካ ግጥም ላይ ኤልፍ ተብሎ ተጠርቷል፤ የመጫወቻ ሠሪዎቹ ትንንሽ ኤልፎች የዚህ መስመር ዘሮች ናቸው።

ቁመቱን የመለሰላቸው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ነው። እሱም ቢሆን በ1915 ያሳተመው ግጥም ላይ ትንንሽ ነበሩ። ከ1916 ጀምሮ ግን የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ከሰው እኩል ወይም የበለጠ ቁመት፣ የስደት ታሪክ፣ የወንድማማች ጦርነትና ሁለት በደንብ የተሠሩ ቋንቋዎች ሰጣቸው። ኩዌንያ ከፊንላንድኛ፣ ሲንዳሪን ከዌልስኛ ድምፅ የተቀዱ ናቸው። ሆቢት በ1937፣ ትልቁ ታሪክ (የቀለበቶቹ ጌታ) በ1954 እና 1955፣ ሲልማሪሊዮን ከሞተ በኋላ በ1977 ታተሙ። የሱ ዋና ፈጠራ ዕድሜያቸው ከዓለም ዕድሜ ጋር መታሰሩ ነው። በእርጅናና በበሽታ አይሞቱም፤ በመሣሪያ ወይም በሐዘን ግን ይሞታሉ፤ ሲሞቱም ከዓለም አይወጡም። ጆሮውን በተመለከተ፣ በታሪኩ ውስጥ የትም ቦታ ጎልቶ አልተጻፈም። በቋንቋ ማስታወሻዎቹ ላይ ብቻ ከሰው የሾለ፣ ቅጠል የሚመስል ጆሮ እንዳላቸው አስፍሯል።

ቀስቱንና "የኤልፍ ዘር ችሎታ" የሚባለውን ወደ ሕግ የቀየረው በ1974 የወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ የሚሆኑበት ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ላይ ኤልፍ ተዋጊም አስማተኛም መሆን ይችል ነበር፤ ግን በተዋጊነት ከ4ኛ፣ በአስማት ከ8ኛ ደረጃ በላይ አይወጣም። ወሰኑ የተደረገው ተጫዋች ሁሉ ኤልፍ እንዳይመርጥና ሰው የሚሆን እንዳይጠፋ ነው። ቆየት ብሎ በቀስትና በሰይፍ ላይ ተጨማሪ ነጥብ መጣ። ከመጽሐፍ ወደ ሠንጠረዥ የተገለበጠው ኤልፍ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ጌም ገባ። እጅግ የረዘመው፣ ወደ ጎን የሚወጣው ጆሮ ደግሞ በ1980ዎቹ ሎዶስ ከሚባለው የጃፓን ፋንታሲ ታሪክ የመጣ ነው።

እንግዲህ በረቂቅሽ ላይ ያሉት ሹል ጆሮና ቀስት የቅርብ ዘመን ነገሮች ናቸው። ብትጥያቸው ምንም ጥንታዊ ነገር አልጠፋብሽም።

ሌላው ብርቱ ጉዳይ። ከስኖሪ "ከቅጥራን የጠቆሩ" ተነስቶ በ1977 እና 1978 በጨዋታው ውስጥ ድራው የሚባሉ ጥቁር ቆዳ ያላቸው፣ ሁሉም ክፉ የሆኑ ኤልፎች ተፈጠሩ። አሳታሚው በ2020 ይህ አቀራረብ እንደሚቀየር አስታውቋል። መልክን ከክፋት ጋር የሚያስር ነገር በኛ ቋንቋ መግባት የለበትም። ሁለት ወገን ከፈለግሽ በሥራቸው ወይም በቃል ኪዳናቸው ለያቸው።


ቁና ሰፋሪ፦

ዕድሜውን ለኔ ተዉልኝ። አብዛኛው የፋንታሲ ልቦለድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ሺህ ዓመት ብሎ ይጽፋል፣ መንደሩ ግን እንደ ሰው መንደር ልጅ የሞላበት ይሆናል።

ከራስሽ ቁጥር እንነሳ። 5,000 ሰው፣ ግማሹ ሴት ቢሆን 2,500። እያንዳንዷ በሺህ ዓመት ዕድሜዋ ሁለት ልጅ ብትወልድ በመላው ሕዝብ በዓመት የሚወለደው 5 ልጅ ነው። ለአቅመ አዳም የሚደርሱት በ50 ዓመት ከሆነ (ቶልኪን ከ50 እስከ 100 ያደርገዋል) በማንኛውም ጊዜ ያሉት ልጆች 250 ናቸው፤ ከሃያ ሰው አንዱ። 20 መንደር ላይ ብትበትኛቸው አንድ መንደር በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ክርስትና የሚበላው፣ ወይም በነሱ ሥርዓት ያለውን። እኩያ የሌለው ልጅ ብዙ ነው። ሙሽራ ከሙሽሪት መቶ ዓመት ቢበልጥ ማንም አይደነቅም። ይህንን ካላሳየሽ አንባቢ ዕድሜያቸውን አያምንም።

እንደ ገበሬ ሰው የሚወልዱ ከሆነ ደግሞ ተይው። በዓመት ከመቶ ሁለት የሚያድግ ሕዝብ በ35 ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ በ350 ዓመት ከሺህ እጥፍ ያልፋል። 5,000 የነበረው ከአምስት ሚሊዮን በላይ ይሆናል፤ ጫካው ይቅርና ሸዋ አይበቃውም።

ሞትን አትርሺ። እርጅና ባይገድላቸውም ገደል አለ፣ ወሊድ አለ፣ ጦር አለ። በዓመት ከሺህ ሰው አንዱ በአደጋ ቢሞት አማካይ ዕድሜ ሺህ ዓመት ይሆናል፤ ግን ግማሹ 700 ዓመት ሳይሞላው ነው የሚሄደው፣ ሁለት ሺህ የሚደርሰው ከሺህ 135 ብቻ ነው። በዓመት 5 ሰው ይሞታል፣ 5 ይወለዳል፣ ሚዛኑ ይጠበቃል። አሁን እነዚህን ሰዎች ጦርነትና ወረርሽኝ ያለበት አገር አስገቢያቸው። አደጋው ከ200 ሰው አንድ ቢሆን (ለዘመኑ ይህም ትንሽ ነው) በዓመት የሚሞተው 25 ይሆናል፣ የሚወለደው ያው 5። በየዓመቱ ወደ 20 ሰው ይጎድላሉ። ኤልፎች ከሰው የሚሸሹበትን ምክንያት በፍልስፍና ማስረዳት አያስፈልግሽም። ሰው የሃያ ዓመት ጦርነትን በአንድ ትውልድ ይተካዋል፤ እነሱ በአምስት መቶ ዓመትም አይተኩትም። ሽማግሌዎቻቸው ይህን ስሌት ያውቁታል፤ ወጣቶቹ ደግሞ አንኮበር ገበያ ወጥተው ማየት ይፈልጋሉ። ታሪኩ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ምግቡም አለ። በሰው በዓመት 2 ኩንታል እህል ብንል ለ5,000 ሰው 10,000 ኩንታል ነው። ደጋ ላይ ያለ ማዳበሪያ ገብስ በሄክታር 10 ኩንታል ቢሰጥ 1,000 ሄክታር ይፈልጋል፤ በዘመኑ ልክ 25 ጋሻ። ከወፍ ዋሻ ዛፍ ሥር 25 ጋሻ ገብስ መደበቅ አይቻልም። ቁጥሩን ወደ 500 አውርጂው። እርሻው ሁለት ጋሻ ተኩል ይሆናል፣ በማርና በፍየል ሲታገዝ ደግሞ ያንሳል። ጨውና ብረት ከውጭ ነው የሚመጣው፤ አሊዩ አምባ ገበያ ቅርብ ነው፣ አሞሌውም ከአፋር በኩል ይገባል። በ500 ሰው ደግሞ አንድ ልጅ የሚወለደው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ይህ ቁጥር ለድራማ ከ5,000 ይሻላል፤ አንዲት ልጅ ብትጠፋ መላው ሕዝብ ይነሳል።

ስለ ትዝታቸው። በ1430 የተወለደች ኤልፍ የእንግሊዙ መልእክተኛ አንኮበር በገባበት በ1841 ዕድሜዋ 411 ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ሲያቀኑ ገና ልጅ ነበረች። የግራኝ ጦር በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ሲያሸንፍ የመቶ ዓመት ልጅ ናት። ግን ሁሉን በእኩል ታስታውሳለች አትበይ፤ የትናንቱንና የአራት መቶ ዓመቱን በአንድ ድምፅ የምታወራ ገጸ ባሕርይ መዝገብ ትሆናለች እንጂ ሰው አትሆንም። የረሳችውን አሳዪ። የምታስታውሰውን ከሽታና ከቦታ ጋር እሰሪው፤ ከተማውን ረስታ፣ ከብት ይጠጣበት የነበረውን ምንጭ ታስታውስ።


ከጣርማበር በታች፦

ከኛ አገር የሚገናኝ ነገር ጠይቀሻል። አለ፣ እጅግም ቅርብ ነው።

በአይስላንድ "ስውር ሕዝብ" የሚባሉት ኤልፎች መነሻቸው እንዲህ ይተረካል። እግዚአብሔር ሔዋንን ሊጎበኝ ሲመጣ ልጆቿን አጥባ አልጨረሰችም ነበር። ያልታጠቡትን አፍራ ደበቀቻቸው፤ ሌላ ልጅ የለኝም አለች። እሱም ከኔ የተደበቀ ከሰውም የተደበቀ ይሁን አለ። ይህ ተረት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዮን አርናሶን ስብስብ ውስጥ ታትሟል።

የኛው የዛር ተረት ደግሞ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይላል። ፈጣሪ ልጆችሽን አሳዪኝ ሲላት ሳስታላቸው ያማሩትን 15 ደበቀች። እንደተደበቁ ቀሩ፤ ዛሮቹ እነሱ ናቸው፣ ሰዎች ደግሞ ከታዩት ተወለዱ። ልዩነቱን ተመልከቺ። እነሱ ዘንድ የተደበቀው የቆሸሸው ነው፣ እኛ ዘንድ ያማረው። እነሱ ዘንድ ሔዋን ያፈረችው ነው፣ እኛ ዘንድ የሳሳችው። በሁለቱም ግን ስውሩ ሕዝብ ባዕድ አይደለም፤ የእናት ልጅ ነው። ይህንን ብቻ ብትወስጂ ከነሹል ጆሮው የመጣው ኤልፍ ያላገኘውን ሥር ታገኚለታለሽ። የጫካው ሕዝብ ከሰው ጋር የሚጣላው እንደ ወንድም ነው፤ በውርስ፣ በቅሬታ፣ "እናታችን ለምን እኛን ደበቀች" በሚል።

ግን ኤልፎችሽን ዛር አታድርጊያቸው። ዛር ሰው ላይ የሚወጣ መንፈስ ነው፣ ያደረበትን ሰው ፈረሱ ይለዋል፣ የራሱ ሥርዓትና ዛሬም የሚያምኑበት ሰዎች አሉት። ያንቺዎቹ ሥጋ የለበሱ፣ ገብስ የሚበሉ ናቸው። ስውራንንም አትንኪ። በገዳምና በጫካ ከዓይን የተሰወሩ አባቶችን ሕዝቡ ቅዱሳን ብሎ ያከብራል፤ እነሱን ከኤልፍ መደባለቅ አማኙን ያስቀይማል፣ ልቦለዱንም አይጠቅም፤ ቅዱስ ሰው በመሬት አይሟገትም።

ሙግት ካልኩ አይቀር፣ ለኔ የዚህ ሁሉ ትልቁ ሀብት እሱ ነው። በመንዝም በአካባቢውም መሬት የሚያዘው በርስት ነበር፤ ርስት የሚገኘው ደግሞ ከአቅኚ አባት በመወለድ ነው። መንዝ ራሱ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ነው የሚጠራው። ባለርስት ነኝ የሚል ሰው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ያስረዳል፣ ተከራካሪው ደግሞ ያንን ሐረግ ይበጥሳል። ለጋብቻ የሚቆጠረው ሰባት ቤት ነው፤ ትውልዱን 25 ዓመት ብንል 175 ዓመት ይሆናል። ቁና ሰፋሪ የጠቀሳት የ411 ዓመቷ ሴት 16 ትውልድ አይታለች። አንድ ባላገር አስራ ሁለተኛ አያቱን አቅኚ ነው ብሎ ሲሟገት፣ ያንን ሰው በዓይኗ ያየች፣ ከየት እንደመጣ የምታውቅ ምስክር ከጫካ ብትወጣስ?

እዚህ ላይ በዝርዝር ማሰብ አለብሽ። ዳኛው እንዴት ይቀበላታል? ምስክር ይምላል፤ እሷ በምን ትምላለች? ተከራካሪው ደግሞ ዘመዷ ከሆነ ትመሰክራለች ወይ? የሰው ዘር ሁሉ የእናቷ የሔዋን ልጅ ልጅ ነው። ለአንዱ ብትመሰክር ሁለተኛው ወገን ለሰባት ትውልድ ቂም ይይዝባታል፣ እሷም ሰባቱንም ትውልድ በሕይወት ቆማ ታየዋለች። ስለዚህ የነሱ ሕግ "በሰው ርስት አንመሰክርም" ሊሆን ይችላል፤ ታሪክሽ ደግሞ ይህ ሕግ በተጣሰበት ቀን ይጀምራል። ሰዎቹ ለምን ሊያጠፏቸው እንደሚፈልጉም መልስ አገኘሽ። አስማታቸውን አይደለም የሚፈራው፤ የሚያውቁትን ነው።

የመንዙን ጓሳም ተጠቀሚበት። የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው የድሮ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲደርስ ይከፈት፣ ሣሩም ለቤት ክዳን ይታጨድ ነበር። ለሰው ሦስት ወይም አምስት ዓመት መዝጋት ትዕግሥት ነው። ለአራት መቶ ዓመት ሰው ግን ሣሩ ገና አልተነሳም። የመክፈቻው ቀን ላይ የሚፈጠረው ክርክር ሁለቱን ሕዝቦች በአንድ ትዕይንት ያሳይልሻል።

ብረቱም የጋራ ነው። አውሮፓ ውስጥ ኤልፍ ሕፃን እንዳይለውጥ አልጋው ላይ ብረት ይደረግ ነበር። እዚህም አራስ ሴት ብቻዋን አትወጣም፤ ከወጣች ብረት ትይዛለች። የጫካው ሕዝብ ይህን ሲያይ ምን ይሰማዋል የሚለውን ጻፊ፤ እህቱ ወልዳ ሳለ ቢላዋ ይዛ ስትወጣ ያያል።


የማታ አንባቢ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ግሩም ነው፤ አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ጥሩ ልብ ብቻ አትስጫቸው። የቶልኪን ጥላ ከብዶ ነው እንጂ የድሮው ኤልፍ አስፈሪ ነበር። በስኮትላንድ የሕዝብ ዜማዎች ቶማስ ባለቅኔው የኤልፎችን ንግሥት ተከትሎ ሰባት ዓመት ያገለግላል፣ ሲመለስ ውሸት መናገር የማይችል ምላስ ይሰጠዋል። ስጦታ ነው ግን ገበያ ውስጥ መኖር የማይቻልበት ስጦታ። በታም ሊን ዜማ ደግሞ ኤልፎቹ በየሰባት ዓመቱ ለሲኦል ግብር ይከፍላሉ፤ የተያዘው ሰው ግብሩ እኔ ልሆን ነው ብሎ ይፈራል። የቶልኪን ትልቁ ታሪክ መታተም በጀመረበት በዚያው በ1954 ፖል አንደርሰን ጨካኝና ውብ ኤልፎችን የያዘ ልቦለድ አውጥቷል፤ ቴሪ ፕራቼትም በ1992 ወደዚሁ ተመልሷል።

ክፋታቸውን ከሰው ክፋት መለየት ነው ቁም ነገሩ። ሰው የሚጨክነው ስለሚቸኩል ነው፤ እነሱ ደግሞ ስለማይቸኩሉ። "ልጄን መልሱልኝ" የምትል እናትን በቅን ልብ "ሰባት ዓመት ቆይተሽ ነይ" ብለው ይመልሷታል፤ ለነሱ ሰባት ዓመት የአንድ ሰሞን ነገር ነው። የቃል ኪዳናቸውን ሕግ ቀድመሽ ጽፈሽ አስቀምጪና አትጣሺው፤ ምን ከበሉ ይታሰራሉ፣ ስም ሲጠሩ ምን ይሆናል፣ ዕዳ በስንት ዓመት ይከፈላል። እነዚህ በመካከል ከተቀየሩ አንባቢ ይተውሻል።

ጌሙን የምትጫወቺ ከሆነ በ2009 የወጣውን ድራገን ኤጅም ተመልከቺ። እዚያ ኤልፎቹ መሬታቸውን ተነጥቀው በከተማ ጥግ በአጥር ተከልለው የሚኖሩ ድሆች ናቸው። የርስቱን ሐሳብ ለመግፋት ይረዳሻል።


የጓሳ ጤዛ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቁጥሩን 500 አድርጌዋለሁ፣ ርስቱንም ዋናው ግጭት አደርገዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቀስቱን ካወጣሁ በምን ይዋጉ? ጆሮውንስ ከጣልኩ ሰው በገበያ መካከል በምን ይለያቸው?


ከጣርማበር በታች፦

ወንጭፍና ጦር። ወንጭፍ ደጋው ላይ ጭላዳና ወፍ ከአዝመራ የሚመለስበት ነው፣ ማንም ይዞት ቢታይ አይጠረጠርም፣ ድንጋዩ ደግሞ በየቦታው አለ። ቀስት ለወፍ ዋሻ አይመችም። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ከሰላሳ ሜትር በላይ ጠርቶ አይታይም፣ ጠዋትና ማታ ጉም ነው፤ የጅማት አውታር እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ፍላጻው ይደክማል። ገደል ላይ ቆሞ ወደ ታች ለመወርወር ወንጭፍ ይበልጣል። ብቻ መወንጨፊያ ቦታ ይፈልጋል፤ በዛፍ መካከል ገመዱ ይጠለፋል፣ ስለዚህ የሚዋጉት ጫካው ጠርዝና የአስታው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት በላይ እንዲሆን አድርጊ። ውስጥ ከሆነ ጦር፣ እሱም አጭር።


ቁና ሰፋሪ፦

መለያውን ከዕድሜያቸው አውጪው። በወፍጮ ድንጋይ የተፈጨ እህል የሚበላ ሰው ጥርሱ ይሞረዳል፣ ከድንጋዩ የሚወጣ ብናኝ ዱቄቱ ውስጥ አለና። በስድሳ ዓመት እንዲህ ከሆነ፣ አራት መቶ ዓመት የሚኖር ሰው ጥርስ ሊተርፈው አይችልም፤ የግድ መልሶ ማብቀል አለበት። ስለዚህ በየ60 ዓመቱ ጥርሳቸው ወልቆ አዲስ ያበቅላሉ በይ። የ411 ዓመቷ ሴት ስድስት ጊዜ ቀይራለች ማለት ነው።

ይህ የሚሸፈን ግን የማይጠፋ ምልክት ነው። ፊታቸው የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የፊት ጥርሳቸው ግን እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ግማሹ የወጣ፣ ጠርዙ ገና ያልተሞረደ መጋዝ የመሰለ። በጥርስ መቀየሪያ ሁለት ዓመታቸው ቆሎ አይበሉም፣ ገበያ አይወጡም፣ ከወጡም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያጣፋሉ። አሊዩ አምባ ላይ ቆሎ ቀምሰሽ ግዢ ስትባል እምቢ የምትል ሴት ስትመጣ ነጋዴው ያውቃል። ጊዜውንም ለሤራው ተጠቀሚበት፤ ምስክሯ ሴት ፍርድ ቤት የምትቀርብበት ወር ጥርሷ ከሚወልቅበት ጋር ከገጠመ አፏን ሸፍና መመስከር አትችልም፣ ዳኛውም ግለጪ ይላታል።